ደረቅ ጨርቅና የዐማራት መኪና

የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት፣ የአቧራ ማዕበሉ ሐቡብ ባደረ ማግስት የካርቱምን ሰፈር ዐማራትን በማለዳ ያየ ሰው መኪኖቿን በቀለም ለይቶ ማወቅ ይቸግረው ነበር። በ15፣ በ41፣ በ61፣ ቁጥራቸው ስም በሆነላቸው ጎዳናዎች ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር የቆሙት ነጩ ሃይሉክስ፣ ጥቁሩ ቱሳንና ብርማው አክሰንት ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫማ ቡኒ ለብሰው ያነጋሉ። ከዚያ ጨርቅ ይወጣል። ወይ ባለቤቱ ከግቢው፣ ወይ ባልዲ ያንጠለጠለ ልጅ ከመንገዱ ማዕዘን ብቅ ይልና ኮፋኖውን በደረቅ፣ ቢበዛ ውሃ ባስነካው ጨርቅ በክብ በክብ መወልወል ይጀምራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ያበራል፣ ባለቤቱም ወደ ሥራው ይሄዳል። በእኔ እምነት የካርቱምን መኪና የሚያስረጀው ይህ አምስት ደቂቃ ነው። አቧራ የትም አለ፤ ቀለሙን የሚጎዳው የአቧራው ብዛት ሳይሆን የሚነሣበት መንገድ ነው። መኪናውን በገዛ እጁ፣ በገዛ ግቢው ማጠብ የሚወድ ሰውም የትኛውን ሰም ልግዛ ብሎ ከመጨነቁ በፊት ጨርቁን መቼ እንደማይነካ መማር አለበት።

በመጀመሪያ አቧራው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሐቡብ ተራ ነፋስ አይደለም። ነጎድጓድ ካረገዘ ደመና ሥር ቀዝቃዛ አየር በኃይል ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይስፋፋል፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ደረቅ አፈር እየጠረገ፣ ቁመቱ አንድ ሺህ ሜትር ሊደርስ የሚችል ግድግዳ ሆኖ ከተማው ላይ ይመጣል። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ሰተን እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ጥናት ካርቱም በዓመት በአማካይ 24 ሐቡብ ይመታታል ብሎ ነበር፤ አብዛኛውም ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። ይህ ግድግዳ ጥሎ የሚሄደው ነገር ከሸክላ አፈር፣ ከኖራማ ደቃቅና ከኳርትዝ የተቀላቀለ ነው። ነገሩ ያለው ኳርትዙ ላይ ነው። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት የሞስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። የዛሬ መኪና ቀለም ደግሞ ከላይ የሚሸፈነው ብርሃን በሚያሳልፍ ቫርኒሽ ነው፤ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ እጅ የማይበልጥ፣ በጥንካሬውም ከመስታወት እጅግ የሚያንስ ፕላስቲክ ነው። መስታወት የሚጭር ደቃቅ አሸዋ በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ጣል አድርጎ በእጅ መዳፍ እየተጫኑ ማሸት በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ አይለይም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ሦስት ዓመት ካርቱም የቆየ ጥቁር መኪና ኮፋኖ ላይ ተጽፏል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከጎን ሆኖ ለሚያየው፣ ብርሃኗ በሚያርፍበት ነጥብ ዙሪያ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ሺህ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ነፋስ ያመጣው አሸዋ ሲመታ ነጠብጣብ ጉድጓድ ይተዋል፣ ያውም ፓራውልቱና ኮፋኖው ጫፍ ላይ፣ መኪናው ሲሮጥ ፊቱን በሚሰጥበት በኩል። እነዚህ ጭረቶች ግን ቅስት ናቸው፤ አንድ ሰው ቆሞ ክንዱ በደረሰበት ልክ የሚዞር ቅስት። የሚበዙትም እጅ በሚመላለስበት ቦታ ነው፦ ኮፋኖው መሃል፣ ፖርቶ ባጋሊው ክዳን ላይ፣ የበሩ እጀታ ዙሪያ። በሩ ግርጌ፣ ጎማው የሚረጨው አፈር ሁሉ የሚያርፍበትና ከላይኛው ይበልጥ የሚቆሽሸው ክፍል፣ ጨርቁ ጎንበስ ብሎ ስለማይደርስበት ብዙ ጊዜ ከኮፋኖው ያነሰ ድር አለው። አቧራው ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ተገልብጦ በተገኘ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ የካርቱምን መኪና የሚፈጀው ፀሐይ እንጂ ጨርቅ አይደለም የሚል። በግማሽ ትክክል ነው። በግንቦት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚሆንበት ከተማ ጣሪያውና ኮፋኖው የተላጠ፣ ቫርኒሹ እንደ ነጭ ቅርፊት የተነሣ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም፤ ያ የፀሐይ ሥራ ነው፣ ማንም ጨርቅ እንዲህ አይልጥም። ነገር ግን ሁለቱ ጉዳቶች ተለያይተው አይሠሩም። ከታች ያለውን ቀለም ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከልለው ንጥረ ነገር የሚገኘው እዚያው ቫርኒሹ ውስጥ ነው። ጭረቱ ሲበዛ መኪናው ይደበዝዛል፤ ሲደበዝዝ ባለቤቱ ፖሊሽ ያስደርገዋል፤ ፖሊሽ ደግሞ ጭረቱን የሚያጠፋው ዙሪያውን ያለውን ቫርኒሽ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ በመፋቅ ነው። በየዓመቱ አንድ ሁለቴ እንዲህ የተፋቀ ኮፋኖ ፀሐይን የሚጠብቃት በሳሳ ጋሻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ገዳይ ናት ለሚለው መልሴ፣ በር የሚከፍትላት ጨርቁ ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤት የሚመጣ ነው፦ አቧራ ተኝቶበት ቀለሙን ይበላዋል፣ ስለዚህ ቶሎ መነሣት አለበት የሚል። ደረቅ አቧራ ግን በደረቅ አየር፣ ሳይነካ ቢቀመጥ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ካርቱም ዓመታዊ ዝናቧ ከ150 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ አዲስ አበባ ከሺህ በላይ ታገኛለች። በበጋው አየር እርጥበት እጅግ ትንሽ በመሆኑ አቧራው ዱቄት ሆኖ ይቆያል። የሚያቻኩለው ሌላ ነው፦ የወፍ ኩስና ጭቃ ያዘለ የመጀመሪያ ዝናብ። ኩስ አሲድ አለው፤ በቀን ግለት የለሰለሰው ቫርኒሽ ማታ ሲቀዘቅዝ በደረቀው ኩስ ቅርጽ ይረጋል፣ ያ ምልክት በሳሙና አይወጣም። የዐማራት ኒም ጥላውን ሲሰጥ ወፎቹንም አብሮ ይሰጣል፤ ሰው ግን ዛፉን ትቶ ፀሐይ ላይ ያቁም ማለት አልችልም፣ አንድ ጀሪካን ውሃና ንጹሕ ጨርቅ መኪናው ውስጥ ማኖር ይቀላል። እርጥቡን ጨርቅ ኩሱ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና ሳያሹ ቆንጥሮ ማንሣት በቂ ነው። በተረፈ አቧራ የለበሰ መኪና ሁለት ሦስት ቀን ቢታይ ኃፍረት እንጂ ጉዳት የለውም። ዱባይ ውስጥ ቆሻሻ መኪና መንገድ ዳር ጥሎ የሄደ 500 ድርሃም ይቀጣል፤ ካርቱም እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖራት ማን ይተርፍ ነበር።

እንግዲህ እንዴት ይታጠብ? ቅደም ተከተሉ የሚመነጨው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ አሸዋው ሊንሳፈፍ እንጂ ሊጎተት አይገባም። ሰዓቱ ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ ላሜራው በመዳፍ ሲነካ ቀዝቃዛ ካልሆነ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቅና የኖራ ነጠብጣብ ይቀራል። መጀመሪያ ምንም ጨርቅ ሳይነካው ከጣሪያው ጀምሮ ውሃ ይወርድበታል። ለዚህ ከሁሉ የሚመቸው የአትክልት ፀረ ተባይ መርጫው፣ በእጅ የሚነፋው አምስት ሊትር ፓምፕ ነው፤ ጥቂት ሳሙና ተደባልቆበት ሲረጭ ደቃቁን አርሶ ያላቅቀዋል። ዝናብ ያቦካውና ፀሐይ ያደረቀው ቅርፊት ካለ ርጭት አይበቃውም። የዚያን ጊዜ አሮጌ አንሶላ ወይም ያለቀ ነጠላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ኮፋኖው ላይ መዘርጋት ነው። አሥር ደቂቃ ይተኛበታል፤ እንዳይደርቅ አንዴ ይረጭበታል። ሲነሣ በሁለት ማዕዘኑ ተይዞ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወደ ራስ የሳቡት እንደሆነ እስካሁን የተደከመው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ነጠላው ተገልብጦ ሲታይ ቡናማው ጭቃ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ወጥቶ ይገኛል፣ ከሥር ያለው ቀለም ደግሞ አንድም ጊዜ አልታሸም። ከዚህ በኋላ ነው እጅ የሚገባው። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፦ አንዱ ሳሙና፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁ በሳሙናው ይነከራል፣ አንድ ክፍል ያጥባል፣ ከዚያ በንጹሑ ባልዲ ታጥቦ አሸዋውን ጥሎ እንደገና ወደ ሳሙናው ይመለሳል። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ከጣሪያው ያወረደውን አሸዋ መልሶ በሩ ላይ ይቀባል። እጁ በክብ ሳይሆን ቀጥታ ይሂድ፤ ከላይ ወደ ታች ይውረድ። ቸርኬውና የበሩ ግርጌ የመጨረሻ ናቸው፣ ለእነሱ የዋለ ጨርቅም ወደ ላይ አይመለስም። ለማድረቅ ብዙ ውሃ የሚመጥ ማይክሮፋይበር ፎጣ አልብሶ መጫን ይሻላል እንጂ መፈተግ አያስፈልግም።

ውሃን ካነሣን ዘንድ፣ ከባዱ ተቃውሞ እዚህ ይመጣል። ሰው ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ከተማ መኪና ማጠብ ነውር አይደለም ወይ? በተለይ ዛሬ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ኮሌራ ሲስፋፋ፣ በድሮን ጥቃት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ተመትተው የውሃ ማጣሪያዎች ቆመው ነበር፤ ሰውም ያገኘውን ውሃ ለመጠጣት ተገዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰሞን መልሱ አጭር ነው፦ አይታጠብም፤ አቧራው ይተኛበት፣ ከላይ እንዳልኩት አይጎዳውም። በተቃራኒው የእኔ ክርክር ውሃ ቆጣቢ ክርክር ነው። በውሃ ጎማ ሲታጠብ በደቂቃ ከአሥር እስከ ሃያ ሊትር ይፈሳል፤ አሥር ደቂቃ የተከፈተ ጎማ አንድ በርሜል ሊጨርስ ይችላል። መርጫውና ሁለቱ ባልዲ ግን ሠላሳ ሊትር በማይሞላ ውሃ መኪና ያዳርሳሉ። ደረቅ ጨርቅን የሚደግፉ ሰዎች ውሃ እንቆጥባለን ይላሉ፤ በየቀኑ በሚወለወል መኪናና በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በሠላሳ ሊትር በሚታጠብ መኪና መካከል ያለው የውሃ ልዩነት ግን ቤተሰብ የሚያጠጣ አይደለም። ውሃው የመጠጥ መሆንም የለበትም፤ ብቻ ይጥለል። በክረምት ጥቁር ዓባይ ሲሞላ ከጎጃምና ከወሎ ተጠርጎ የወረደ አፈር ይዞ ይመጣ ስለነበር ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ራሱ አሸዋ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ደለሉን ከኋላው እያስቀረ መሄዱ ሱዳኖች ከሚያገኙት ጥቅም አንዱ ነው፣ የመኪና አጣቢ ጥቅም ግን በድርድሩ ላይ ሲነሣ አልሰማሁም። ለማንኛውም ውሃው በባልዲ አድሮ፣ ዝቃጩ ከታች ቀርቶ፣ የላይኛው ብቻ ይቀዳ።

ሳሙናው ላይ ብዙ አልቆይም። ኦሞና ሌላ የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅባት ሊነቅሉ የተሠሩ ስለሆነ ሰሙን አብረው ይነቅላሉ፤ የመኪና ሻምፑ ከሌለ ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ሰም ስለሚያሳሳ ለክፉ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላቫጆ ገብቶ ከሥር ናፍታ ማስረጨት የለመደ ሰው ግን ልማዱን መተማ ላይ ጥሎ ይሻገር። ናፍታ ጎማና ላስቲክ ያሳብጣል፤ አቧራ በሚዘንብበት አገር ደግሞ የቀባውን ሁሉ የጭቃ ማጥመጃ ያደርገዋል። የጎማ ማብሪያ ቅባትም እንዲሁ ነው፣ ለአንድ ቀን ያምራል።

ሰም ላይ ሰው የሚሳሳተው ከፖሊሽ ጋር ሲያደባልቀው ነው። ፖሊሽ ይፍቃል፣ ሰም ይጨምራል፤ አንዱ ከመኪናው ላይ ይወስዳል፣ ሌላው ያኖራል። ስለዚህ ፖሊሽ በዓመታት አንዴ፣ ሰም ግን ደጋግሞ መሆን አለበት። የሰሙ ዓይነትም ካርቱም ላይ ትርጉም አለው። ከማር እንጀራ የሚገኘው ሰም፣ አገራችን በብዛት የምታመርተው፣ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ግንቦት ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ላሜራ ከዚያ ያልፋል። ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚፋቀው ካርናውባ ግን እስከ 82 ዲግሪ ይታገሣል፣ የመኪና ሰም አምራቾች የመረጡትም በጥንካሬውና በዚህ ጠባዩ ነው። ሰው ሠራሽ ማሸጊያዎች ከሁለቱም ይቆያሉ። የትኛውም ቢሆን ሐቡብን አይመልስም። ሥራው አቧራው ከቫርኒሹ ጋር በቀላሉ እንዳይጣበቅ፣ ውሃ ሲወርድበትም ይዞት እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየውም መጀመሪያ በውሃ ለሚያጥብ ሰው ብቻ ነው። ሰም ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ የሚወለወል መኪና በሳምንት ሰሙን ያጣል፣ በወር ጭረቱን ይመልሳል። ውድ ዋጋ ከፍለው ሴራሚክ ያስቀቡም ከዚህ ሕግ አያመልጡም፦ ሴራሚኩ ከቫርኒሽ ይጠነክራል፣ ግን ከአንድ ሁለት ማይክሮን የማያልፍ ስስ ሽፋን ነው፣ ኳርትዙ ደግሞ ያው 7 ነው። አቀባቡ ቀላል ነው፦ በጥላ፣ በስሱ፣ አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ፤ ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ፎጣ ማንሣት። አብዝቶ መቀባት ፎጣውን ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም። ጊዜው ከግንቦት በፊት ቢሆን መልካም ነው፣ ሐቡቡ ሳይጀምር።

ይህ ሁሉ ለውበት ነው ለሚል ሰው መስታወቱን ላሳየው። ሐቡብ ካለፈ በኋላ ዝናብ መጥረጊያውን በደረቁ የሚያስነሣ ሾፌር ኳርትዝን በላስቲክ ከመስታወት ጋር ያፋጫል፤ አንድ ወቅት ሳያልፍ የፊት መስታወቱ በቅስት ጭረት ይሞላል። ማታ የሚመጣው መኪና መብራት እያንዳንዱ ጭረት ላይ ሲበተን መንገድ የሚያቋርጠው ሰው አይታይም። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። እንዲሁም ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲ ኮንደንሰር ክንፎቹ በደቃቅ ሲደፈኑ ኤሲው ይሰንፋል፣ ሞተሩ ይግላል፤ በለስላሳ ውሃ፣ ቢቻል ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ሞተሩን ራሱን ግን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ጭምር፣ በጎማ ማጥለቅለቅ ጋራዥ ለመግባት ቀጠሮ መያዝ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሰው ነው፣ እኔንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ መኪናውን ራሱ ካጠበ በየቢሮው ደጃፍ ባልዲ ይዞ የሚውለው ልጅ ምን ይበላል? ልጁ ስደተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዴም፣ ከዐማራት ምዕራብ በመሐመድ ነጂብ ጎዳና ማዶ ያለው ሰፈር፣ በሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የሚታወቅ ነው፤ ካርቱም የገባ ስደተኛ ወረቀት ሳይጠየቅ ከሚሠራው ጥቂት ሥራ አንዱ ባልዲና ጨርቅ ነበር። ልጁ በደረቁ የሚወለውለው ስለማያውቅ አይደለም፤ የሚከፈለው በተወለወለ መኪና ቁጥር ነው፣ ውሃውን ደግሞ ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣዋል። ባለመኪናው በየቀኑ ሳንቲም ከሚወረውር በሳምንት አንዴ የደህና እጥበት ዋጋ ቢከፍለው፣ ውሃውን ከግቢው ቢሰጠው፣ ሁለተኛ ባልዲና ሁለት ፎጣ ቢገዛለት የልጁ ገቢ አይቀንስም፣ የመኪናውም ዕድሜ ይረዝማል። ይህን ለማድረግ ግን ባለቤቱ ራሱ አንዴ ማጠብ አለበት፤ ራሱ ያላጠበ ሰው ለምን አንድ ሰዓት እንደፈጀ አይገባውም፣ ገንዘቡንም ይነፍጋል።

ነገሩ ለሱዳን ብቻ አይደለም። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ በተወደደባት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በተከለከለባት ኢትዮጵያ ያለው ኮሮላና ቪትስ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት፤ የአዲስ አበባ በጋ አቧራም ጨርቅ ሲያገኝ ጠባዩ ያው ነው። ዐማራት ግን አሁን ከዚህ የባሰ ጉዳይ አለባት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ይህ ሰፈር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የውጊያ ቀጠና ሆነ፤ የሱዳን ሠራዊት ማረፊያውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ቁልፍ ይዞ የሸሸ ሰው ተመልሶ መኪናውን ቢያገኝ እንኳ ሁለት ክረምት ያቦካውና ሁለት በጋ የጠበሰው ቅርፊት ለብሶ ነው። ጨርቅ ከመንካቱ በፊት የሚያየው ግን ሌላ ነው፦ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በየግቢው ቀርቷልና፣ ከመኪናው ሥርና ውስጥ የማያውቀው ብረት ካለ እጁን ሰብስቦ ፈንጂ አምካኞችን ይጥራ። ከዚያ በኋላ ነው የነጠላው ሥራ፤ አንዴ አይበቃም፣ ሁለቴ ሦስቴ መዘርጋት አለበት። ውስጡ መጀመሪያ በመምጠጫ ማሽን ይጠረግ፣ ክሩስኮቶው ኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይነካ፤ አይጥ የቆረጠው ሽቦ መኖሩ ሳይታይ ባትሪ አይግጠም። ወደ ፖርት ሱዳን ሸሽታ የቆየችው መኪና ደግሞ በተቃራኒው ላይዋ ደህና መስሎ ከሥሯ የባሕር ጨው ይዛ ትመለሳለች፤ የካርቱም ደረቅ አየር ዝገትን ያዘገየዋል እንጂ ጨውን አያጥበውም። እሷን ማጠብ የሚጀመረው ከሥር ነው፣ በፓራፋንጎው ውስጥና በበሮቹ ግርጌ ባሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች፤ ቀዳዳው በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ በእንጨት ስንጥር ይከፈታል እንጂ በብረት አይቆፈርም።